የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የአለባበስን ደንብ ስላፈረሱ ሰዎች አጭር ታሪክ

ሰው ልብስ የሚለብሰው ብርድን ለመከላከልና ዕርቃኑን ለመሸፈን ብቻ አይደለም። ልብስ አፍ ሳይኖረው ይናገራል። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የእናቶቻችንን ነጠላ እንመልከት። ያው አንድ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙበት በመስቀለኛ ይጣፋል፤ ሐዘን ቤት ሲገቡበት ይዘቀዘቃል፤ በትልቅ ሰው ፊት ሲቆሙበት ደግሞ ያደገድጉበታል። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፎ ያስተማረን የለም፤ እያየን አድገን ዐወቅነው እንጂ። እንግዲህ ደንብ የሌለው አለባበስ በዓለም ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የታሪክ መጻሕፍትን ስናገላብጥ ደንቡን ጠንቅቀው እያወቁ «ይህ ልብስ ለእኔና ለሥራዬ አይስማማም» ብለው የተለዩ ሰዎችን እናገኛለን። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ተከብረው ሲኖሩ፥ ሌሎቹ መሳለቂያ ሆነው ቀርተዋል። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ምንድር ነው? እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለጨዋታ ብለን አይደለም። በዚህ ዓመት መጨረሻ የባለጠጋውንና የድኻውን ልጅ አንድ አድርጎ ያኖረንን የደንብ ልብስ እናወልቃለን። ከዚያ በኋላ አባት አንድ ነገር ይለናል፤ ጓደኛ ሌላ ይለናል፤ ገበያው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ገንዘብ ያለው የሌላውን ሰው መልክ ለመግዛት ይፈተናል፤ የሌለው ደግሞ በአንዲት ኮቱ ያፍራል። ስለዚህ ምክር ለማግኘት ወደ ታሪክ ዘወር ብንል መልካም መስሎ ታየን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ የአለባበስ ደንብ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። በእንግሊዝ አገር ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1574 ዓ.ም. ባወጣችው ዐዋጅ የትኛው ማዕርግ የትኛውን ሐርና የትኛውን ጠጉር እንደሚለብስ ተወስኖ ነበር። ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው የመኳንንቱና የተራው ሰው መለያ እንዳይጠፋ፥ ሁለተኛውም ወጣቶች ከውጭ አገር በሚመጣ ጌጥ ሀብታቸውን እንዳይጨርሱ ነው። በፈረንሳይም በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን ተረከዙ ቀይ የሆነ ጫማ የቤተ መንግሥት ሰዎች ምልክት ነበረ። በኋላ ግን አብዮቱ ፈነዳና በጥቅምት ወር 1793 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጉባኤ ማንም ሰው ለጾታው የሚገባውን ልብስ እንደ ወደደ ይልበስ ሲል ዐወጀ። ሕጉ በአንድ ቀን ተሻረ፤ ልማዱ ግን በአንድ ቀን አልተሻረም።

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዚሁ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት አንድ ሽማግሌ ደንቡን በሰላም አፍርሶ ነበር። ይህ ሰው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በ1776 ዓ.ም. መጨረሻ ነጻነቷን ላወጀችው አገሩ ርዳታ ሊለምን ወደ ፈረንሳይ ሲመጣ ዕድሜው 70 ዓመት ነበር። በዚያ ጊዜ ደንቡ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ጠጉር መድፋት፥ በወርቅ ክር የተጠለፈ ኮት መልበስና ጎራዴ መታጠቅ ነበር። ፍራንክሊን ግን በራሱ ላይ የአውሬ ጠጉር ቆብ ደፍቶ በፓሪስ አደባባይ ይታይ ጀመር። መጋቢት 20 ቀን 1778 ዓ.ም. በንጉሥ ሉዊ 16ኛ ፊት የቀረበውም ያለ ሰው ሠራሽ ጠጉርና ያለ ጎራዴ፥ ተራ ቡናማ ልብስ ለብሶ፥ መነጽሩን ሰክቶ ነው።

ይህን ያደረገው ደንቡን ባለማወቅ ነውን? አይደለም። ከዚያ ቀደም በ1767 ዓ.ም. ፓሪስን በጎበኘ ጊዜ ልብስ ሰፊና ጠጉር ሠሪ አስጠርቶ እንደ ፈረንሳዮች አጊጦ ነበር። አሁን ግን የመጣው የገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች አገር መልእክተኛ ሆኖ ነው። ልብሱ መልእክቱን እንዳያፈርስበት ቀለል ብሎ ታየ። ፈረንሳዮችም አልተቀየሙም፤ መልኩን በቀለበትና በትንባሆ ማኖሪያ ላይ እያሣሉ ይሸጡት ጀመር። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የተፈረመው የፈረንሳይና የአሜሪካ ውል የእርሱ የድካም ፍሬ ነው። ውሉን በሚፈርምበት ቀን የለበሰው አሮጌ የከፋይ ልብስ፥ በ1774 ዓ.ም. በሎንዶን በመንግሥት አማካሪዎች ፊት ቆሞ በተሰደበ ጊዜ ለብሶት የነበረው እንደ ሆነ ይነገራል። ልብስ አንዳንድ ጊዜ ያለ ንግግር እንዲህ አድርጎ ይመልሳል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከዚህ የተለየ ነው። በ1778 ዓ.ም. የተወለደው እንግሊዛዊው ጆርጅ ብራመል በወጣትነቱ የዌልስ መስፍን ወዳጅ ሆኖ በሎንዶን ታወቀ። እርሱም የሐሩንና የወርቁን ጌጥ ትቶ በጥሩ ሁኔታ የተሰፋ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፥ ነጭና ንጹሕ ሸሚዝ፥ በስታርች የደረቀ የአንገት ልብስና ረጅም ሱሪ ለበሰ። መንግሥት በ1795 ዓ.ም. በጠጉር ዱቄት ላይ በዓመት አንድ ጊኒ ግብር ጥሎ ስለ ነበር ዱቄቱም እየቀረ ሄደ። ገላን በየቀኑ መታጠብን ከጌጥ ሁሉ የበለጠ አድርጎ በማሳየቱ ብራመል ምስጋና ይገባዋል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚለበሰው ሙሉ ልብስ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ወደ እርሱ ይደርሳል።

ሆኖም በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለት ነገር እናስተውል። መጀመሪያ፥ እርሱ ያፈረሰው ደንብ ራሱ ደንብ ሆነ፤ የተከተሉት ሰዎች ከረባታቸውን እንደ እርሱ ለማሰር በመስተዋት ፊት ሲደክሙ ይውሉ ነበርና። ሁለተኛ፥ ብራመል ከልብሱ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ከመስፍኑ ጋር ተጣላ፤ ዕዳው በዛበት፤ በ1816 ዓ.ም. ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በ1840 ዓ.ም. በካን ከተማ በአእምሮ ሕሙማን መጠጊያ ውስጥ ሞተ። ልብሱን ከወሰዱበት የሚተርፈው አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ የልባችንን የነካችው ፈረንሳዊት ሠዓሊ ሮዛ ቦነር ናት። ይህች ሴት በ1822 ዓ.ም. ተወልዳ እንስሳትን በመሣል ታዋቂ ሆነች። የፈረስ ጡንቻና የበሬ አጥንት እንዴት እንደሚገጣጠም ለማወቅ ወደ ቄራና ወደ ፈረስ ገበያ መሄድ ነበረባት። በጭቃና በደም መካከል መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሶ መሥራት እንዴት ይቻላል? ደግሞም በገበያው የነበሩት ወንዶች ሴት መሆኗን ባወቁ ጊዜ ያውኳት ነበር። ሱሪ እንዳትለብስ ደግሞ ሕግ ነበረ። የፓሪስ ፖሊስ በ1800 ዓ.ም. ባወጣው ትእዛዝ የወንድ ልብስ ለመልበስ የምትፈልግ ሴት ፈቃድ ማውጣት ግዴታዋ ነበር።

ሮዛም ከሕጉ ጋር አልተጋፋችም። በ1850ዎቹ ዓመታት በሐኪም የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት አውጥታ፥ በየስድስት ወሩ እያሳደሰች፥ ሱሪዋን ለብሳ ወደ ሥራዋ ሄደች። በክብር ግብዣ ቀን ግን ቀሚሷን ትለብስ ነበር። ከዚህ ድካም የተወለደው «የፈረስ ገበያ» የተባለው ታላቅ ሥዕል ዛሬ በኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በ1865 ዓ.ም. እቴጌ ኢዩጄኒ ወደ ቤቷ ድረስ ሄደው የሌዥዮን ዶኖር ኒሻን ሸለሟት፤ በሥነ ጥበብ ይህን ኒሻን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ያ የ1800 ዓ.ም. ትእዛዝ የተሻረ መሆኑን የፈረንሳይ መንግሥት በይፋ የተናገረው በ2013 ዓ.ም. መሆኑን ስንሰማ ግን መደነቃችን አልቀረም። ከእኛ መካከል በቤተ ሙከራ፥ በእርሻና በሆስፒታል ለመሥራት የምታስቡ እኅቶቻችን ይህችን ሴት አትርሷት።

የመጨረሻው ምሳሌያችን ማኅተመ ጋንዲ ነው። ጋንዲ ሕግ ሊማር ወደ እንግሊዝ አገር በ1888 ዓ.ም. በገባ ጊዜ ዕድሜው ልክ እንደ እኛ 18 ዓመት ነበር። ከመርከብ ሲወርድ ነጭ ልብስ ለብሶ ነበርና በዚያ ወራት ነጭ የለበሰ ሰው እርሱ ብቻ መሆኑን አይቶ እጅግ ዐፈረ። ከዚያም እንግሊዛዊ ጨዋ ለመምሰል ቈረጠ። በ19 ሺሊንግ ረጅም ባርኔጣ ገዛ፤ በ10 ፓውንድ የምሽት ልብስ አሰፋ፤ ወንድሙን ጽፎ የወርቅ የሰዓት ሰንሰለት አስላከ፤ ከረባት ማሰር ተማረ፤ ለዳንስና ለቫዮሊን ትምህርት ገንዘብ ከፈለ። ይህን ሁሉ ጋንዲ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሳይደብቅ ጽፎታል። ሦስት ወር ያህል ከቈየ በኋላ ግን የመጣው ለትምህርት መሆኑን አስታውሶ ዳንሱንና ቫዮሊኑን ተወ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ሕንዶች የውጭ አገር ጨርቅ ትተው በእጃቸው የፈተሉትን እንዲለብሱ በሚያስተምርበት ጊዜ፥ ድኾች የአገሩን ጨርቅ ለመግዛት ዐቅም የለንም አሉት። እርሱም በመስከረም ወር 1921 ዓ.ም. በማዱራይ ከተማ ሸሚዙንና ቆቡን ትቶ ግልድም ብቻ አገለደመ። ከእነርሱ የሚበልጥ ልብስ ለብሶ እነርሱን ማስተማር አልቻለምና። በ1931 ዓ.ም. ለጉባኤ ወደ ሎንዶን ሲሄድም ልብሱን አልለወጠም፤ በንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ቤተ መንግሥት የቀረበው በዚያው በግልድሙና በነጠላው ነው። ያ በ18 ዓመቱ በነጭ ልብሱ ያፈረው ልጅ በ62 ዓመቱ በንጉሥ ፊት አላፈረም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ ምን እንማራለን? ፍራንክሊን፥ ሮዛና ጋንዲ ሦስት ነገር ይዘው ተገኝተዋል። ደንቡን አስቀድመው ዐውቀውታል፤ ለማፍረሳቸው ከሥራቸው የመነጨ ምክንያት ነበራቸው፤ ሰው ቢስቅባቸውም ሥቀቱን ታግሠዋል። ብራመል የመጀመሪያውን ይዞ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ጐደለው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ደንብ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሐዘን ቤት ነጠላን መዘቅዘቅ ለሐዘንተኛው ልብ የተሠራ ደንብ ነው፤ ይህን ማፍረስ ራስን መቻል ሳይሆን ሌላውን ማቍሰል ነው። ጫማው የዘንድሮ ካልሆነ አይቆጠርም የሚለው ደንብ ግን ለትዕቢትና ለነጋዴ ትርፍ የተሠራ ነው፤ ይህንን የማያፈርስ ሰው ራሱ ይፈርሳል። ወላጆቻችንም ልጃቸው ከሌሎቹ ተለይቶ በለበሰ ጊዜ ከመቈጣታቸው በፊት የትኛውን ደንብ እንዳፈረሰ ቢጠይቁን እንወዳለን። እኛም አሮጌ ኮት በለበሰው ጓደኛችን ላይ የምንስቅ ከሆነ ስለ ነጻነት የምንናገረው ሁሉ ከንቱ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ እንዳነበብነው ዳዊት ከጎልያድ ጋር ሊዋጋ ሲወጣ ንጉሥ ሳኦል የራሱን ጥሩር አልብሶት ነበር። ጥሩሩ የንጉሥ ነው፤ ግን ብላቴናው አልለመደውምና መራመድ አቃተው። አውልቆም በእረኛ ልብሱ ወጣ፤ ወንጭፉንም አልረሳም። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ይህንኑ ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የሚከብደንን የሰው ጥሩር እናውልቅ፤ ነገር ግን ወንጭፋችን፥ ይኸውም የተማርነው ሥራ፥ በእጃችን መኖሩን አስቀድመን እንመልከት።