ዋስ፣ ደብዳቤ፣ የባንክ ደብተር፦ ለውጭ ትምህርት የሚቀርብ ሰነድ ታሪክ ከልደታ ሲታይ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጉዳይ ለታሪክ መድረክ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ስለ ጦርነት አልናገርም፤ ነገሥታትንም የማነሣው በጥቂቱ ነው። የምናገረው በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ተማሪዎች መካከል ብዙዎቻችሁ በቦርሳችሁ ይዛችሁት ስለምትዞሩት አንድ ማኅደር ነው። በውስጡ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የቅበላ ደብዳቤ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ ይገኛሉ። ይህን ማኅደር ለቪዛ ቃለ መጠይቅ እንደተዘጋጀ ወረቀት ብቻ ሳይሆን እንደ ታሪክ ሰነድ አብረን እንድናነበው እፈልጋለሁ። ወረቀቶቹ ብዙ ቢሆኑም የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ የዚህ ተማሪ ዋስ ማን ነው?

የዛሬው ክርክሬ ይህ ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ሁለት ጊዜ ተለውጧል። መጀመሪያ ዋሱ ሰው ነበር፤ ቀጥሎ መንግሥት ሆነ፤ በመጨረሻም ገንዘብ ሆነ። በእያንዳንዱ ለውጥ የማስረዳቱ ሸክም ከትልቁ ትከሻ ወደ ትንሹ እየወረደ መጥቶ ዛሬ በአንድ ቤተሰብ ላይ አርፏል።

ይህን ታሪክ ከልደታ ሆኖ መተረክ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ኦልድ ኤርፖርት የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ በኋላ፣ ቦሌ ተከፍቶ የጄት አውሮፕላኖችን መቀበል እስኪጀምር ድረስ፣ ከአዲስ አበባ በአየር ለትምህርት የሚሄድ ወጣት አገሩን የሚሰናበተው እዚህ ነበር። ዛሬ ከልደታ ማንም አይሳፈርም። ሆኖም የልደታ ፍርድ ቤት እዚሁ አለ፤ ትንሽ ራቅ ብሎም ስሙ እንደሚመሰክረው የከብት ገበያ የነበረው ሰንጋ ተራ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች መደዳ ሆኗል። ትናንት የመሳፈሪያ ቦታ የነበረው አካባቢ ዛሬ ለመሳፈር የሚያበቃው ወረቀት የሚሰበሰብበት ሆኗል ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ዋስ፣ ከሰው፣ ልጀምር። ዋስትና በአገራችን የፍትሕ ልማድ ውስጥ ሥሩ ጥልቅ ነው። ተበዳሪ ዋስ ይጠራል፤ ተከሳሽ ዋስ ይጠራል፤ ሥራ የሚቀጠርም ዋስ ይጠራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 1920 ጀምሮ ለዋስትና ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከአገር የወጡት በዚሁ ሥርዓት ነበር። አፄ ምኒልክ ከዐድዋ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብለው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስንና ጉግሣ ዳርጌን ወደ ስዊዘርላንድ ሲልኩ የተማሪዎቹ መታመኛ የንጉሡ ቃልና የአማካሪያቸው የአልፍሬድ ኢልግ ትውውቅ ነበር። ከዐድዋ በኋላ ወደ ሩሲያ ሄዶ የመድፈኛ ትምህርት የተማረው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ሰው፣ በባዕድ አገር ያደገው ተቀብሎ ባሳደገው ቤተሰብ እጅ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች የባንክ መግለጫ የጠየቀ አልነበረም። በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ ሥራ የጀመረው እነርሱ ከሄዱ ከዓመታት በኋላ ነው።

በራስ ተፈሪ ዘመንም መልኩ ብዙ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ የተላከው መላኩ በያን በኦሃዮ በመስኪንገም ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ። ዋሱ የላኩት አልጋ ወራሽ ነበሩ። ሆኖም እርሱ በሄደበት ዘመን ዓለም እየተለወጠች ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብዙ አገሮች መካከል ያለ ፓስፖርት መጓዝ ይቻል ነበር። ጦርነቱ ድንበሮችን ዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በፓሪስ የተካሄደው የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ የፓስፖርትን ቅርጽ አንድ ወጥ ለማድረግ ተስማማ። መላኩ አሜሪካ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ አገሪቱ መጤዎችን በኮታ የሚገድብ ሕግ አውጥታ ተማሪን ከኮታው ውጭ በሆነ የተለየ ምድብ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ተማሪ መሆን በውጭ አገር ቆንስላ ፊት በሰነድ የሚረጋገጥ ሕጋዊ ሁኔታ ሆነ።

ሁለተኛው ዋስ መንግሥት ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የተማረ ሰው እጥረት ብርቱ ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። ለትምህርት የሚሄዱ ወጣቶች ቤተ መንግሥት ቀርበው ምክርና ስንብት ይቀበሉ ነበር። ያ ሥነ ሥርዓት ለዛሬው ቃለ መጠይቅ ተቃራኒ ምስል ይሰጠናል። ተማሪው በባለሥልጣን ፊት የሚቆመው ሊጠረጠር ሳይሆን አደራ ሊቀበል ነበር። ወጪውን መንግሥት ወይም ጋባዡ አገር ይሸፍናል፤ የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ መንግሥትና ባንኩ ይነጋገሩበታል። የተማሪው እናት አንድ ዶላር በስንት ብር እንደሚመነዘር የምታውቅበት ምክንያት አልነበራትም።

በደርግ ዘመን አቅጣጫው ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባ ዞረ፤ ወጪውን የሚሸፍነው ግን አሁንም መንግሥት ነበር። የተለወጠው ማስረጃው የሚጠየቅበት በር ነው። የመውጫ ቪዛ አስፈላጊ በሆነበት በዚያ ዘመን ተማሪው ታማኝነቱን በመጀመሪያ የሚያረጋግጠው ለራሱ መንግሥት ነበር። ከባዱ በር ያለው በውስጥ በኩል ሆነ። ስለዚህ የመንግሥትን ዋስትና ዘመን እንደ ወርቃማ ዘመን አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። መንግሥት ዋስ ሲሆን የሚሄደውን የሚመርጠውም፣ የሚቀረውን የሚወስነውም እርሱ ነው።

እዚህ ላይ የመመለስን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ የዛሬው የቪዛ ጥያቄ ሁሉ የሚሽከረከረው በእርሱ ዙሪያ ነውና። እ.ኤ.አ. የ1952ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 214(ለ) ቪዛ ጠያቂው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ለመቅረት እንዳሰበ ሰው ይቆጠር ይላል። የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅም በዚሁ ግምት ፊት ይቆማል። የእኛ ታሪክ ግን በዚህ ግምት ላይ የራሱ ምስክርነት አለው። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ተመለሱ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ ከገደለቻቸው ምሁራን መካከል ናቸው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም ከአውሮፓና ከአሜሪካ ተመልሰው በቀይ ሽብር ያለቁ ብዙዎች ናቸው። መቅረት እንዳለ ሁሉ መመለስም ነበረ፤ የተመለሱትም የከፈሉትን ዋጋ እናውቃለን።

ሦስተኛው ዋስ ገንዘብ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መውጣት የግል ውሳኔ እየሆነ ሲመጣ ወጪውም የግል ሆነ። አሁን የምንዛሪውን ታሪክ ከማኅደሩ ጎን አስቀምጠን እንመልከት። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ58 ብር ገደማ ተነሥቶ በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ120 ብር በላይ ደርሶ ነበር። እንግዲህ 10,000 ዶላር እንዳለው ማሳየት የሚጠበቅበት ቤተሰብ በደርግ ዘመን ሒሳብ 20,700 ብር ይበቃው ነበር፤ በ1985 50,000 ብር፤ በ2016 ክረምት መግቢያ 580,000 ብር ገደማ፤ ከስድስት ወር በኋላ ከ1,200,000 ብር በላይ ያስፈልገዋል። በሰኔ ብቁ የነበረው የባንክ መግለጫ በታኅሣሥ ብቁ አልነበረም። ቤተሰቡ ግን አንድ ሳንቲም አላጠፋም።

ተቀባይ አገሮች ደግሞ የገንዘቡን መጠን ብቻ አይጠይቁም፤ ዕድሜውንም ይጠይቃሉ። ብሪታንያ ገንዘቡ በሂሳቡ ውስጥ ቢያንስ 28 ተከታታይ ቀናት እንዲቆይ ታዝዛለች። ጀርመን ከእ.ኤ.አ. 2024 መጸው ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ ተቀምጦ ተማሪው በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ እንዲያወጣ ታደርጋለች። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲው የአይ-20 ቅጽ ከመላኩ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ምንጭ እንዲታይ ትጠይቃለች። ገንዘብ እንደ ሰው ጠባዩ ተመርምሮ ዋስ ይሆናል።

ይህን የማውቀው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። አባቴ መምህር ነበሩ፤ የባንክ ደብተራቸው የመምህር ደብተር ነበር። እናቴ እዚሁ ልደታ በሰፈራችን እቁብ ይጥሉ ነበር። በዚያው እቁብ የነበሩ አጎቴ ዕጣው ሲደርሳቸው ለእኔ ለቀቁልኝ፤ ጎረቤቶችም ጨመሩበት፤ ገንዘቡ በስሜ ባንክ ገባ። በቃለ መጠይቁ ቀን ከመስኮቱ ማዶ ያሉት ሰው መግለጫውን አይተው፣ “ይህ ሁሉ ገንዘብ በሁለት ወር ውስጥ ከየት መጣ?” አሉኝ። “እቁብ ነው” አልሁ። አስተርጓሚው ለአፍታ ዝም ብሎ የሆነ ቃል ተናገረ፤ ምን ብሎ እንደተረጎመው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። “ማስረጃ አለህ?” ተባልሁ። ማስረጃው የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር ነበር፤ ደብተሩ ደግሞ ጸሐፊው ቤት ነበር። ቪዛውን ተከለከልሁ።

ከታሪክ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር የገባኝ ዘግይቶ ነው። በእቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ያ ገንዘብ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ዋስ የጠራ፣ ዋስ የሆነ፣ ፊርማውን ያኖረ ሰው ነበረበት። በባንክ ከተቀመጠ ከማናቸውም ገንዘብ ይበልጥ የተመሰከረለት ነበር። በመግለጫው ላይ ግን ድንገት የገባ አንድ መስመር ሆኖ ታየ። ያነጋገሩኝ ሰው ክፉ ነበሩ ብዬ አላምንም። የሚያነቡት ወረቀት የሚያውቀው ዋስትና ከእኛ የተለየ ነበር። ገንዘቡን ስመልስላቸው አጎቴ ያሉኝን አልረሳም፦ “እኔ ዋስ የሆንሁት ለኤምባሲው አይደለም፤ ለአንተ ነው። ደግመህ ሞክር።” በዓመቱ ሙሉ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሄድሁ፤ ያን ጊዜ ስለ ገንዘቤ የጠየቀኝ አልነበረም።

ተማሪዎች፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ።

አንደኛው ለዛሬ የሚሆን ነው። ይህ ክፍተት ደላላን ይጠራል። ያልነበረ ሂሳብ እንደነበረ፣ ያልተማሩት ትምህርት እንደተማሩት የሚያደርግ ወረቀት የሚሸጥ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲያዝ የሚያጠፋው የአንድን ሰው ቪዛ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚቀርበውን የእውነተኛውን ተማሪ ማኅደርም ያስጠረጥራል። እውነተኛውን ገንዘብ ግን በሚነበብ ቋንቋ ጻፉት። እቁብ ከሆነ የአባላቱን ዝርዝርና የዕጣውን ቀን በጸሐፊው ፊርማ አስይዙ፤ ቤት ወይም መኪና ተሸጦ ከሆነ ውሉን፣ ደመወዝ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ ንግድ ከሆነ የግብር ደረሰኙን አያይዙ። ገንዘቡን ቀደም ብላችሁ አስገቡ። ለቃለ መጠይቁም የገንዘቡን መንገድ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ተለማመዱ።

ሁለተኛው ለነገ ነው፤ የታሪክ ባለሙያ ልመናም ነው። በምኒልክና በተፈሪ ዘመን የሄዱትን የምናውቃቸው ደብዳቤያቸው ስለተቀመጠ ነው። የእናንተ ዘመን ደብዳቤ ይህ ማኅደር ነው። ስትሄዱም ሆነ ስትከለከሉ አትጣሉት። የባንክ መግለጫው፣ የእቁቡ ዝርዝር፣ የአጎት ፊርማ፣ የመከልከያው ወረቀት አንድ ላይ ይቀመጡ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ በ2010ዎቹ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጁን ለማስተማር ምን እንዳዋጣ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ ሲጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።