ከሰል ሲጠፋ መብራቱን ማን ያረጋጋዋል?

የድንጋይ ከሰል ስላችሁ ጀበና የሚጣድበትን ማለቴ አይደለም፤ ከመሬት ሥር የሚቆፈረውን ጥቁር ድንጋይ ነው። ብሪታንያን የፋብሪካ አገር ያደረጋት እሱ ነው። በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንጀራቸው ከከሰል ጉድጓድ ነበር።

በ1882 የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ ለንደን ውስጥ፣ ሆልቦርን ቫያደክት በሚባል ቦታ፣ ከሰል እያነደደ ለሕዝብ መብራት የሚሰጥ ጣቢያ ከፈተ። ከ142 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024፣ የአገሪቱ የመጨረሻ የከሰል ማመንጫ ራትክሊፍ ኦን ሶር ሥራ አቆመ። ልብ በሉ፤ በ2012 እንኳ ከብሪታንያ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማው ከከሰል ይመጣ ነበር!

ታዲያ ከሰልን ያባረረው ነፋስ ብቻ ነው? አይደለም። በ1984 የማዕድን ሠራተኞች የጉድጓዶቹን መዘጋት ተቃውመው አንድ ዓመት ያህል አድማ መቱ፤ ተሸነፉ። የብዙ መንደሮች ኑሮ የተናጋው ያኔ ነው፣ ስለ አየር ንብረት ብዙም ሳይወራ። በ1990ዎቹ ጋዝ የከሰልን ቦታ መንጠቅ ጀመረ። በ2013 ደግሞ መንግሥት ለካርቦን የዋጋ ወለል አስቀመጠ፤ ከሰል ማቃጠል አላዋጣም አለ። የባሕር ላይ ነፋስ የተስፋፋው በዚሁ መሀል ነው።

እኔን እንደ መሐንዲስ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ብስክሌት ገልብጣችሁ ጎማዋን አሽከርክሩ። እጃችሁን ብታነሱም ወዲያው አትቆምም አይደል? ኢነርሺያ ይሄ ነው። በትልቅ የከሰል ጣቢያ ውስጥ ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት በደቂቃ 3,000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል። የመረቡ 50 ሄርትዝ ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። አንድ ጣቢያ ድንገት ሲቋረጥ ያ ብረት ለጥቂት ሰከንዶች ጉልበቱን ያበድራል። ዘመናዊ የነፋስ ተርባይንና የፀሐይ ፓነል ግን ከመረቡ ጋር የሚገናኙት በኤሌክትሮኒክስ በኩል ስለሆነ ይህን ብድር እንዲሁ አይሰጡም።

ኦገስት 9 ቀን 2019 መብረቅ አንድ መስመር መታ። ወዲያው አንድ የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫና አንድ የጋዝ ጣቢያ ኃይላቸው ወደቀ። ፍሪኩዌንሲው 48.8 ሄርትዝ ደረሰ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። አንዳንድ ባቡሮችማ ቴክኒሻን እስኪደርስላቸው ከቆሙበት አልተነሱም። ጣት የተቀሰረው ነፋሱ ላይ ነበር። ጋዙም እኮ አብሮ ወድቋል!

ዛሬ ይህን ሥራ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ምላሽ የሚሰጡ ባትሪዎች ይጋሩታል። ነዳጅ የማያቃጥሉ ከባድ ማሽኖችም አሉ፤ ከመረቡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወስደው ቀን ከሌት ይዞራሉ፣ በቃ። ነፋሱ ጸጥ ሲል ግን አሁንም የሚነደው ጋዝ ነው።