አፓርትመንት ሲገዙ ከዋጋው በኋላ የሚመጣውን ወጪም ያስሉ

አፓርትመንት ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚያነሳው ጥያቄ «ካሬው ስንት ነው?» የሚል ነው። እኔም በ2013 ዓ.ም. ገርጂ አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ስገዛ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ሊፍቱን ማን እንደሚያስጠግነው፣ ጄኔሬተሩ በወር ስንት ብር ናፍጣ እንደሚፈጅ፣ ጎረቤቶቼ መዋጮ በወቅቱ ይክፈሉ አይክፈሉ ለማወቅ አልሞከርኩም። በ2017 ዓ.ም. ሊፍቱ ተበላሽቶ አሥራ አንድ ሳምንት ሲቆም መልሱን ሳልጠይቅ አገኘሁት። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በፋሲካ ዋዜማ ሁለት ሰዎች ደግፈዋት እህቴ ዘንድ ወረደች። ሊፍቱ ከተጠገነ ቆይቷል፤ እሷ ግን ስላላመነችው እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

በዚህ ምክንያት ቤቱን ሸጬ ሌላ ለመግዛት ከተነሳሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበውም እንደ እኔ በደመወዝና በባንክ ብድር ቤት ለሚፈልጉ አንባቢያን ሒሳቡን በቅደም ተከተል ለማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ካሬው። ሲኤምሲ አካባቢ ያየሁት አዲስ አፓርትመንት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። 110 ካሬ ሜትር ተብሎ በካሬ 95 ሺህ ብር፣ በድምሩ 10 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር ተጠየቅኩ። ሜትር ይዤ ስለሄድኩ (ሻጩ ብዙም ደስ አላለውም) ከግድግዳ ግድግዳ ለካሁት። ከነበረንዳው 86 ካሬ ሆነ። የቀረው 24 ካሬ የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ ነው ተባልኩ። አሠራሩ የተለመደ እንጂ ማጭበርበር አይደለም፤ ነገር ግን የምተኛበትና የማበስልበት ቦታ በካሬ 121 ሺህ 500 ብር ገደማ እየተሸጠልኝ ነው ማለት ነው። ሁለት ቤቶችን ስታወዳድሩ በውስጥ ልኬታቸው አካፍላችሁ ካላወዳደራችሁ ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ላይ የደላላ ኮሚሽን አለ፤ እኔ የተጠየቅኩት 2 በመቶ፣ ማለትም 209 ሺህ ብር ነው። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ቀረጥም በማን እንደሚሸፈን በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን ደግሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ።

ብድር የሚወስድ ሰው ሌላ ሒሳብ አለበት። 5 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ቢበደር በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ ብቻ 900 ሺህ ብር አካባቢ፣ በወር 75 ሺህ ብር ይሆናል። ዋናው ዕዳ ገና አልተነካም።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንዘልለው ወርኃዊ ወጪ ልምጣ። የእኛን ሕንፃ ሒሳብ በምሳሌነት ላቅርብ። 24 ቤቶች አሉ። ስገባ የወር መዋጮው 1,500 ብር ነበር፤ አሁን 4,500 ብር ነው። ሁሉም ቢከፍል በወር 108 ሺህ ብር ይሰበሰባል። ከዚህ ውስጥ ለአራት ጥበቃዎች 36 ሺህ፣ ለሁለት የጽዳት ሠራተኞች 14 ሺህ፣ ለሊፍት የአገልግሎት ውል 8 ሺህ፣ ለጄኔሬተር ናፍጣ እንደ መብራቱ ሁኔታ 20 ሺህ ገደማ፣ ለጋራ መብራትና ለውኃ ፓምፕ 9 ሺህ ይወጣል። ድምሩ 87 ሺህ ነው። 21 ሺህ ብር በየወሩ ለመጠባበቂያ መቅረት ነበረበት።

ነገር ግን በየወሩ የሚከፍሉት 17 ቤቶች ብቻ ናቸው። የሚገባው 76,500 ብር ሲሆን ጉድለቱ 10,500 ብር ነው። ካልከፈሉት መካከል ሁለቱ ባለቤቶች የሚኖሩት ውጭ አገር ነው፤ ተከራዮቻቸው «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላሉ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ «እኔ ሊፍት አልጠቀምም» ብለው ተከራክረው አያውቁም አይባልም፤ በየስብሰባው ይከራከራሉ። እውነቱን ለመናገር ክርክራቸው ፍርደ ገምድል አይመስለኝም፤ ጥፋቱ የመዋጮው አከፋፈል ከመጀመሪያው በግልጽ አለመጻፉ ነው።

ሊፍቱ ሲቆም በካዝናው ምንም አልነበረም። የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ 640 ሺህ ብር ተጠየቅን፤ በየቤቱ ሲካፈል 26,667 ብር። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በእጅጉ ስለወረደ፣ የዋጋ ማቅረቢያው የሚያገለግለው ለአምስት ቀን ብቻ ነበር። ገንዘቡን እየለመንን ስንሰበስብ አምስቱ ቀን ሁለት ጊዜ አልፎ ዋጋው ታደሰ። አሥራ አንድ ሳምንት የፈጀው ጥገናው ሳይሆን መዋጮው ነው።

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። የነዳጅ ድጎማም ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ እየተነሳ መጥቷል። ስለዚህ ሻጩ «ሰርቪስ ቻርጁ ትንሽ ናት» ሲላችሁ የዛሬውን ብቻ አትያዙ። በሲኤምሲው ቤት በካሬ 45 ብር፣ በወር 4,950 ብር ተነገረኝ። ምንም ሳይጨምር በዓመት 59,400 ብር ነው። ለሁለቱ ሊፍቶች መጠባበቂያ በዚህ ውስጥ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ «አዲስ ናቸው እኮ» ተባልኩ። የእኛም አዲስ ነበር።

በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ከቀድሞው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጋር ሲታይ የቤት ባለቤትነትን ዓመታዊ ወጪ የሚነካ ስለሆነ በሒሳባችሁ ውስጥ አንድ መስመር ተዉለት።

ለማከራየት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ተለይተው ከተፈቀዱ ሁኔታዎች በቀር፣ የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስና የኪራይ ጭማሪም በተወሰነው ልክ እንዲሆን ያደርጋል። የሊፍት መለዋወጫ ዋጋ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም።

የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚለው ባለቤቱ በጋራ መጠቀሚያው ላይ ያለው ድርሻ ከቤቱ ተነጥሎ የማይሸጥ ነው። ጣሪያውን፣ ፓምፑንና ደረጃውን አብራችሁ ትገዛላችሁ፤ የተጠራቀመውንም ችግር እንደዚያው። በመሆኑም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የባለቤቶች ማኅበሩን ሰብሳቢ ፈልጉ። ማኅበሩ ተመዝግቧል ወይ? ያለፉት ስድስት ወራት የባንክ መግለጫ ይታያል ወይ? ስንት ቤት ይከፍላል? የምትገዙት ቤት ራሱ ውዝፍ አለበት ወይ? መግለጫውን ለማሳየት የሚያቅማማ ሰብሳቢ ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን እመለሳለሁ። ማኅበሩ ገና ያልተቋቋመበት አዲስ ሕንፃ ከሆነ ቢያንስ አስተዳደሩ ከአልሚው ወደ ነዋሪው መቼ እንደሚተላለፍ በውሉ ይግባ።

ሁለተኛው ያየሁት ቤት ለዓይን የማይማርክ ነው። በ20/80 ፕሮግራም ከተሠሩት ባለ ጂ+4 ሕንፃዎች በአንዱ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሊፍት የለውም፤ ስለሌለውም አይበላሽም። በውስጥ ልኬት 74 ካሬ፣ ዋጋው 6 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር፣ በካሬ 92 ሺህ ገደማ። መዋጮው በወር 300 ብር ነው፤ ይህ ግን ብቻውን የሚያስመሰግን አይደለም። የደረጃው መብራት አይሠራም፣ የፍሳሽ መስመሩም በክረምት ይሞላል። በ300 ብር የሚሆነው ይኸው ነው። የባንክ ዕዳው ማለቁን፣ እጣው ሲወጣ የተጣለው የአምስት ዓመት የሽያጭ ገደብ ማለፉንና ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ባለፈው ሐሙስ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ደረጃው 18 ነው፤ መሀል ላይ አንድ ጊዜ አረፈች። ክፍሎቹን ብዙም አላየችም። በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ የነበረችውን ጎረቤት ሰላም ብላ «ልጄ፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀቻት። «ሁለት ቀን ነው እማማ፣ እሱም ሌሊት» አለቻት። ሻጩ ለእኔ የውኃ ችግር የለም ብሎኝ ነበር። የሮቶውንና የፓምፑን ዋጋ ከቤቱ ላይ እንዲቀንስልኝ ጠይቄው መልሱን እየጠበቅኩ ነው።