ፈረስ የሌለበት ፈረስ መጋላ

በሐረር ጀጎል ውስጥ በየዕለቱ ከምንጠራቸው ስሞች አንዳንዶቹ ዕቃው ከጠፋ በኋላ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። የአነጋገራችን ታሪክ ስለሆኑ ጥቂቶቹን እናንሣ።

በሐረሪ ቋንቋ መጋላ ገበያ ማለት ነው። ፈረስ መጋላም የፈረስ ገበያ ነበር። ዛሬ አደባባዩን ባጃጅና ታክሲ ሞልቶታል። ፈረስ የሚሸጥም የሚገዛም የለም፤ ስሙን ግን ማንም አልቀየረውም።

በእጃችን ያለው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን መሐለቅ ታስመታ ነበር። በኋላ በገበያው የማሪያ ቴሬዛ ብር ገነነ። ይህ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት መልክ የያዘ እውነተኛ ብር ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፈች በኋላም ገንዘቡ ያው 1780 እየተጻፈበት ሲመታ ኖረ። ዛሬ ዕቁብ የምንጥለው ወረቀት ነው። ሰብሳቢዋ ስትቆጥር ግን አሁንም «ብር» ትላለች።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ደግሞ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን የሰማ እንግዳ ተሽከርካሪ የሚተራመስበት ቦታ ይመስለዋል። መኪና ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ማናቸውንም ማሽን ይጠራበት ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ተሽከርካሪውን ብቻ ያስታውሰናል። የዚህ መንገድ መኪና ግን የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም ድምፁ ነው። ጨርቅ ገዝተን እዚያው እናሰፋለን።

እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል። በፈረስ መጋላ ፈረሱ ሄዷል፤ በመኪና ግርግር ግን መኪናው ዛሬም ይጮኻል። ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ በገበያው በበዛ ቁጥር የሰፊዎቹ እንጀራ ይቀንሳል። ስሙ ያለ ማንም ድካም ይኖራል፤ ሙያው ግን ደንበኛና ተማሪ ካላገኘ አይኖርም።

ስለዚህ ለዓመት በዓልና ለሠርግ ልብሳችንን እዚሁ እናሰፋ፤ ሴት ልጆቻችንም ስፌት ይማሩ። የምትደግፉን ወዳጆችም የምትሰጡን አንድ የስፌት መኪና ለአንዲት እናት መተዳደሪያ መሆኑን አስቡልን። እናቶቻችንንና አያቶቻችንን ደግሞ የየሰፈራችን ስም ከምን እንደመጣ እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ለሚቀጥለው ዕትም እንጻፍ።