የአብሩዚው መስፍን፦ ከባሕር ኃይል እስከ ዋቢ ሸበሌ ምንጭ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የአውሮፓ የባሕር ኃይል መኮንን ሥራው በመርከብ ላይ ብቻ አያበቃም ነበር። የባሕር ዳርቻን መለካት፣ ካርታ መሥራትና ያልታወቀ አገር መመርመር የሙያው አካል ስለነበሩ፣ ከመርከቡ የወረደው መኮንን ብዙ ጊዜ የቅኝ ግዛት መንገድ ጠራጊ ይሆን ነበር። ይህን ግንኙነት ከኢትዮጵያ አንጻር አጉልቶ የሚያሳየው የጣሊያናዊው አድሚራል፣ የአብሩዚ መስፍን (ዱካ) የሉዊጂ አሜዴዮ ሕይወት ነው።

ሉዊጂ አሜዴዮ የተወለደው በጃንዋሪ 29 ቀን 1873 በማድሪድ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የስፔን ንጉሥ የነበረው አባቱ ልጁ በተወለደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዙፋኑን በመልቀቁ ቤተሰቡ ወደ ጣሊያን ተመለሰ። ሦስተኛ ልጅ የሆነው ሉዊጂ ገና በልጅነቱ ለባሕር ኃይል ተሰጥቶ በሊቮርኖ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተማረ። በዚያም የተማረው የመርከብ አመራር በሴክስታንት፣ ማለትም የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ከአድማስ በመለካት ያሉበትን ቦታ በሚያሳውቅ መሣሪያ፣ ላይ የተመሠረተ ነበር። ምልክት በሌለው ባሕር ላይ መርከበኛውን የሚመራው ይህ የአለካክ ዘዴ በበረዶም በተራራም ላይ የሚያገለግል በመሆኑ፣ መኮንኑ ኋላ በየብስ ላደረጋቸው ጉዞዎች መሠረት ሆኗል።

በ1897 በአላስካ የሚገኘውን የቅዱስ ኤልያስ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። በ1899 እና በ1900 ወደ ሰሜን ዋልታ በተጓዘበት ወቅት ብርድ ጣቶቹን ጎድቶበት ወደ ፊት መቀጠል ስላልቻለ፣ ባልደረባው የባሕር ኃይል መኮንን ኡምቤርቶ ካኚ ጉዞውን እየመራ እስከ 86 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ሰሜን ደረሰ፤ ይህም ሰው እስከዚያ ድረስ ከደረሰበት ሁሉ የላቀ ነበር። በ1906 በዩጋንዳና በኮንጎ መካከል ያለውን የሩዌንዞሪ ተራራ አጥንቶ ከፍተኛውን ጫፍ በጣሊያን ንግሥት ስም ማርጌሪታ ሲል ሰየመው። ሕዝብ በሚኖርበት አገር ላይ የሌላ አገር ንግሥት ስም መለጠፉ የዘመኑ አሳሾች ባዩት ነገር ላይ ራሳቸውን ባለቤት አድርገው ይቆጥሩ እንደነበር ያመለክታል።

መስፍኑ በ1911 በጣሊያንና በኦቶማን ጦርነት በፕሬቬዛ አካባቢ የተደረገውን የባሕር ውጊያ መራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም እስከ 1917 መጀመሪያ የጣሊያን መርከቦች ዋና አዛዥ ሆኖ አገለገለ፤ በአልባኒያ በኩል ያፈገፈገውን የሰርቢያ ሠራዊት በመርከብ የማዳኑ ሥራም የተከናወነው በእርሱ የአዛዥነት ዘመን ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ፊቱን ወደ ጣሊያን ሶማሊያ አዙሮ በ1920 የጣሊያንና የሶማሌ የእርሻ ማኅበርን አቋቋመ። ዛሬ ጆሃር በሚባለው ቦታ በስሙ የተጠራ መንደር ተመሠረተ፤ በዋቢ ሸበሌ ላይ ግድብና ቦይ ተሠርቶ ጥጥ፣ ሸንኮራ አገዳና ሙዝ ይመረት ጀመር። በሸለቆው በተቋቋሙት የጣሊያን እርሻዎች ግን የጉልበት እጥረት ሲያጋጥም የቅኝ አስተዳደሩ በግዳጅ ሥራ ይሸፍነው ስለነበር፣ የልማት ተብሎ የተነገረለት ሥራ የአካባቢውን ገበሬ ነፃነት የነካ ነበር።

ዋቢ ሸበሌ የሚሞላው በባሌና በአርሲ ደጋ በሚዘንበው ዝናብ በመሆኑ የእርሻው ዕድል በኢትዮጵያ ደጋ እጅ ነበር። መስፍኑ በ1927 አዲስ አበባን ጎብኝቶ ራስ ተፈሪን ካነጋገረ በኋላ፣ በኦገስት 1928 ሁለቱ መንግሥታት ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፤ ውሉም በአሰብ ለኢትዮጵያ ነፃ የወደብ ቀጣና እንዲሰጥ የሚል ሐሳብ ያዘለ ነበር። በ1928 እና በ1929 መስፍኑ የወንዙን ምንጭና አካሄድ እየለካ እስከ ሶማሊያ ወረደ፤ በማርች 18 ቀን 1933 በመሠረተው መንደር ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለኢትዮጵያውያን መራራ ነበር። በዲሴምበር 1934 በኦጋዴን ወልወል ላይ የተነሣው ግጭት ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ላደረገችው ወረራ ሰበብ ሆነ፤ ከ1937 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ እንደራሴ ሆኖ የገዛው የአኦስታው መስፍን አሜዴዮም የአድሚራሉ የወንድም ልጅ ነበር። እርሱ በሜይ 1941 በአምባላጌ እጁን ቢሰጥም የጣሊያን ጦር በጎንደር ዙሪያ መከላከሉን ቀጠለ። የወልቀፊት ምሽግ በሴፕቴምበር መጨረሻ እጁን ሲሰጥ፣ በደባርቅ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በወገራ ደጋ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከሰሜን ተከፈተ፤ ጎንደርም በኖቬምበር 27 ተያዘች። ለዚህ ድል ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፈው በየገደሉና በየአምባው የተዋደቁት አርበኞች ደም ከፍለዋል።

መስፍኑ ጎበዝ መርከበኛና ደፋር ተራራ ወጪ እንደነበረ የሚካድ አይደለም፤ ሆኖም ጀብዱውን ከጥቅሙ ለይቶ መጻፍ ታሪኩን ያጎድላል። ወንዝ ለክቶ፣ ምንጭ አጥንቶ፣ ውል ተፈራርሞ የሚመጣ ኃይል ከመድፍ በፊት ዕውቀትን ይዞ ይገባል። ስለዚህ የኢትዮጵያ የታሪክ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ የጉዞ መዛግብትን ስለ አገራቸው መሬትና ውኃ ማስረጃ አድርገው በቅርብ ሊመረምሯቸው፣ የተጻፉበትንም ዓላማ አብረው ሊመዝኑ ይገባል፤ የገዛ ወንዙን ጠንቅቆ የማያውቅ ሕዝብ ሌላው ለክቶ በጻፈው ላይ መደገፉ አይቀርምና።