ከባክቴሪያ መከላከያ እስከ በሽታ መለያ፦ የቆራጭ ኢንዛይሞች ታሪክ

አንድን የዲኤንኤ ክፍል በኢንዛይም ለይቶ የማወቅ ጥበብ የመነጨው በሽታን ለመመርመር ከታቀደ ጥናት ሳይሆን፣ ባክቴሪያዎች ከሚያጠቋቸው ቫይረሶች ራሳቸውን እንዴት እንደሚከላከሉ ለመረዳት ከተደረገ ምርምር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ተመራማሪዎች በአንድ የባክቴሪያ ዝርያ ውስጥ እንደ ልብ የሚራቡ ቫይረሶች ወደ ሌላ ዝርያ ሲዛወሩ አብዛኞቹ እንደሚከስሙ አስተዋሉ። በ1960ዎቹ በጄኔቫ ይሠሩ የነበሩት ቨርነር አርበር፣ ባክቴሪያው የባዕዱን ዲኤንኤ በኢንዛይም እንደሚቆርጥ፣ የራሱን ግን ሜቲል በተባለ ኬሚካዊ ምልክት ከመቆረጥ እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ ሐሳብ አቀረቡ።

ሐሳቡን ወደ መሣሪያነት የለወጠው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሥራ ነው። ዲኤንኤ አዴኒን፣ ቲሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን በተባሉ አራት “ፊደላት” የተጻፈ ሲሆን፣ ሃሚልተን ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ከአንድ ባክቴሪያ ያወጡት ኢንዛይም ስድስት ፊደላትን በተወሰነ ቅደም ተከተል ሲያገኝ ብቻ እንደሚቆርጥ በ1970 አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ካትሊን ዳናና ዳንኤል ናታንስ የአንድን ቫይረስ ዲኤንኤ 11 ቦታ ከፋፍለው ቁርጥራጮቹን በጄል ላይ እንደየመጠናቸው ለዩ። አርበር፣ ስሚዝና ናታንስም በ1978 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

የሰው ዲኤንኤ ሲቆረጥ ግን ቁርጥራጮቹ እጅግ ስለሚበዙ የሚፈለገውን ከመካከላቸው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በ1975 ኤድዊን ሳውዘርን በኤዲንብራ ቁርጥራጮቹን ከጄሉ ወደ ስስ ገለፈት አሸጋግረው፣ ከተፈለገው ክፍል ጋር ብቻ በሚጣመር ጨረር አመንጪ የዘር ቅንጣት የሚለዩበትን ዘዴ አሳተሙ።

የዘዴው ጥቅም ጎልቶ የታየው በሲክል ሴል፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሳት እንደ ማጭድ በሚቆለመሙበት የዘር በሽታ ላይ ነው። በሽታውን የሚያመጣው በአንድ የሂሞግሎቢን ዘረመል ውስጥ አዴኒን በቲሚን መተካቱ ሲሆን፣ ይኸው ለውጥ ኤምኤስቲ-2 የተባለው ኢንዛይም የሚቆርጥበትን ቦታ ያጠፋዋል። ስለዚህም ከጤናማው ዘረመል 1,150 ፊደላት ያህል ያለው ቁራጭ ሲገኝ፣ ከተለወጠው 1,350 ያህሉ ይገኛል፤ ሁለቱም ከታዩ ሰውየው ለውጡን የተሸከመ እንጂ በሽተኛ አይደለም። በ1982 ይህ ምርመራ ለፅንስ ጭምር እንደሚያገለግል ታወቀ፤ ዲኤንኤን የሚያባዛው ፒሲአርም በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጽ ለማሳያነት የተመረጠው ይኸው በሽታ ነበር።

ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ካስ-12 እና ካስ-13 የተባሉ የባክቴሪያ ኢንዛይሞች የቫይረሶችን የዘር ቅንጣት ለመለየት ውለዋል፤ እነርሱም የተገኙት ባክቴሪያ ከቫይረስ ጋር ከሚያደርገው ትግል በመሆኑ፣ ለጊዜው ፋይዳቸው የማይታይ ጥያቄዎችን በትዕግሥት ማጥናት ለሕክምና ምን ያህል እንደሚበጅ ይህ ታሪክ ደጋግሞ ያረጋግጣል።