ከአውድማው ማዶ

ቁይ አካባቢ ያደገ ሰው እብቅን ያውቃል። አባቴ የተበራየውን ገብስ በመንሽ ወደ ላይ ሲበትን ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፤ እብቁ ግን ነፋሱን ተከትሎ ከአውድማው ይወጣል። ዛሬ ፊዚክስ ሳስተምር ስለ ቀላልና ዕድሜ ረጅም ቅንጣቶች ፍለጋ የማወራው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ማንቸስተር ውስጥ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሮቸስተርና በትለር በደመና ሳጥን ካነሷቸው ፎቶግራፎች በአንዱ ላይ ከባዶ ቦታ ተነሥተው እንደ ባላ የተከፈሉ ሁለት መስመሮች አዩ። የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ቅንጣት ዱካ አይተውም፤ ሲሞት ግን ልጆቹ ይተዋሉ። ያ ቅንጣት ካኦን ነበር። እሱና መሰሎቹ ከተገመተው በላይ ስለኖሩ «እንግዳ» ተባሉ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ ውስጥ ተመራማሪዎች የኤሌክትሮን ጨረር ማቆሚያ ላይ አላተሙ። ከኋላው 179 ሜትር ውፍረት ያለው ኮረብታ፣ ከኮረብታው ወዲያ 204 ሜትር ክፍት ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ መመልከቻው። ሌላው ሁሉ ኮረብታው ውስጥ ሲቀር፣ የሚፈለገው ቀላል ቅንጣት አልፎ ሸለቆው ላይ እንዲፈርስ ነው። የተፈለገው አልመጣም።

ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ያለው 27 ኪሎ ሜትር የሚዞረው የቅንጣት ማጋጫም ክፍተት ነበረበት። ግዙፎቹ መመልከቻዎች ግጭቱን ዙሪያውን ቢከቡትም፣ ጨረሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ መድፈን አይችሉም። ቀላል ቅንጣት ደግሞ በብዛት የሚሸሸው በዚያው አቅጣጫ ነው። በ2017 ጆናታን ፌንግና ሦስት ባልደረቦቹ ከግጭቱ ርቆ፣ በዚያው መስመር ላይ ትንሽ መመልከቻ ይቁም አሉ። ስሙ ፌዘር ነው። ቦታው 480 ሜትር ርቀት ላይ፣ ለቀድሞው ማጋጫ አገልግሎ የተተወ ዋሻ ሆነ። መሣሪያው ልክ መስመሩ ላይ እንዲያርፍ ወለሉን ቆፈሩ፤ ከትልልቆቹ መመልከቻዎች የተረፉ መለዋወጫዎችንም ተጠቀሙ። ይህን ሳነብ ልቤ ይሞላል፤ ትልቅ ጥያቄ በተረፈ ዕቃና በተተወ ዋሻ ተጠየቀ።

የሚጠብቁትም ያንኑ የ1947ቱን ባላ ነው። መግቢያው ላይ ያሉት ጠቋሚዎች ዝም ይላሉ፤ ቀጥሎ ከባዶው ውስጥ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጎን ለጎን ብቅ ይላሉ። ከሚፈለጉት ቀላል ቅንጣቶች አንዱ፣ ጨለማ ፎቶን የሚባለው፣ ካለ አሟሟቱ እንዲህ ነው። በ2023 ፌዘር በማጋጫ የተፈጠሩ ኒውትሪኖዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ይፋ ባደረገው የጨለማ ፎቶን ፍለጋ ግን ቆጠራው ዜሮ ነበር።

ዜሮውን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ ዝም ይላሉ። ከጎኑ ባላውን እስልላቸዋለሁ፤ ከመገንጠያው በፊት ያለውን ሰሌዳ ባዶውን እተወዋለሁ።